በእንቅርት ላይ ክኒን

ቪታሚን ዲ የሚባለው ክኒን በዘመናችን የመድኃኒት ቤቶች መስኮት ጌጥ ሆኗል። ለአጥንት ይበጃል ተብሎ የተጀመረው ነገር ዛሬ ለድካም፣ ለፀጉር መርገፍ፣ ለትካዜ፣ ለውፍረት፣ ለልብም ለጉበትም ይታዘዛል፤ ሐኪም ባያዘውም ይገዛል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አዲስ ማዕረግ ተጨምሮለታል። ይኸውም የታይሮይድ ዕጢያቸው ሥራ የደከመባቸው ሰዎች ጉበታቸው እንዳይጎዳ ቪታሚን ዲ ይዋጡ የሚለው ምክር ነው። ይህን ምክር በግቢያችን የምግብ ቤት ሰልፍ ላይ ቆመው በሙሉ ልብ የሚያስተምሩ ተማሪዎች አጋጥመውኛል። ከመካከላቸው አንድም የሕክምና ተማሪ አልነበረም፤ የሕክምናዎቹ እንደ ወትሮው ለፈተና ያጠኑ ነበር።

እኔም የሕክምና ተማሪ አይደለሁም። «የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሆነሽ ስለ ጉበት ምን አገባሽ?» የሚለኝ ወንድም እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። ለማንም መድኃኒት አላዝም። ነገር ግን አንድ ነገር «ተረጋግጧል» ሲባል በምን ተረጋገጠ ብሎ መጠየቅ ማንበብ የተማረ ሰው ሁሉ ሥራ ነው፤ ያገር ገንዘብና ያገር አሳብ በየትኛው በኩል ይፍሰስ ብሎ መከራከርም የዜጋ ሥራ ነው። ደግሞስ የታይሮይድ ሕመም ከወንዶች ይልቅ እኛን ሴቶችን አብዝቶ የሚያጠቃ በሽታ ስለሆነ፣ አገባኝ ብል ማን ይከለክለኛል?

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። በአንገታችን ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ፣ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የሚመስል ዕጢ አለ። ታይሮይድ የሚባለው እሱ ነው። ሥራውም ከደም ውስጥ አዮዲን እየለቀመ ሁለት ዓይነት ሆርሞን ማዘጋጀት ነው፤ አንዱ ሆርሞን አራት፣ ሁለተኛው ሦስት የአዮዲን አቶም ይሸከማል። እነዚህ ሆርሞኖች በደም ተጉዘው የየአካላቱ እሳት ምን ያህል ይንደድ የሚለውን ይወስናሉ። ዕጢው ሲደክም እሳቱ ይዳፈናል። ሌላው ሰው ሹራቡን ሲያወልቅ በሽተኛዋ ጋቢ ትደርባለች፤ ይደክማታል፤ ብዙ ሳትበላ ትወፍራለች፤ ሆዷ ይደርቃል፤ ልቧ ቀስ እያለ ይመታል፤ ድምፅዋ ይጎረናናል። በየቤቱ ግን ይህ ሁሉ ስንፍና ወይም እርጅና ተብሎ ሲታለፍ ይኖራል።

ጉበትም ይህ መልእክት ከሚደርሳቸው አካላት አንዱ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ሲደርሰው ስብ ያቃጥላል፣ ኮሌስትሮልንም ከደም እየጠረገ ያስወግዳል። መልእክቱ ሲያንስ ኮሌስትሮል በደም ውስጥ ይበዛል፣ ስብም በጉበት ውስጥ ሊከማች ይችላል። ይህ ተረት አይደለም። በ2024 (ዘመኑን ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ረስመቲሮም የሚባል አዲስ መድኃኒት ስብ በዝቶበት ጠባሳ ላበጀ ጉበት እንዲሰጥ ፈቅዷል፤ የመድኃኒቱም ብልሃት በጉበት ውስጥ የታይሮይድ ሆርሞን የሚያንኳኳውን በር ራሱ ማንኳኳት ነው። ስለዚህ የሰልፉ አስተማሪዎች ታይሮይድና ጉበት ይተዋወቃሉ ማለታቸው እውነት ነው። ጥያቄው ቪታሚን ዲ በነዚህ በሁለቱ መካከል ምን ይሠራል የሚለው ነው።

ቪታሚን ዲ በመሠረቱ ከክኒን የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ከፀሐይ ነው። የፀሐይ ጨረር በቆዳችን ላይ ሲያርፍ ቆዳችን የቪታሚኑን ጥሬ ዕቃ ያዘጋጃል። ይህ ጥሬ ዕቃ ወደ ጉበት ሄዶ አንድ ጊዜ ይለወጣል፤ ከዚያም ወደ ኩላሊት አልፎ ሁለተኛ ጊዜ ሲለወጥ ነው እውነተኛ ኃይሉን የሚያገኘው። በላቦራቶሪ «ቪታሚን ዲህ አንሷል» የምንባለው በጉበት የተሠራው ተለክቶ ነው። አንባቢዬ እዚህ ላይ ትንሽ ይቆይልኝ። የሚለካው ነገር የጉበት ሥራ ከሆነ፣ ጉበቱ የታመመ ሰው ቪታሚን ዲ አንሶት ቢገኝ ምን ይገርማል? ቪታሚኑ ስላነሰ ነው ጉበቱ የታመመው ወይስ ጉበቱ ስለታመመ ነው ቪታሚኑ ያነሰው?

በታይሮይድ በሽተኞችም ዘንድ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ቪታሚን ዲ የሚያንሳቸው ብዙዎች እንደሆኑ በየጥናቱ ተጽፏል። ነገር ግን የደከመው ሰው ከቤት አይወጣም፤ ከቤት የማይወጣ ሰው ፀሐይ አያገኝም። የወፈረ ሰው ደግሞ ቪታሚን ዲ በስቡ ውስጥ ተደብቆ ስለሚቀር በደሙ ውስጥ ጥቂት ይገኝበታል። ጃንጥላ በበዛበት ቀን ዝናብ አለ፤ ዝናቡን ያመጣው ግን ጃንጥላው አይደለም። በሎጂክ ትምህርት የመጀመሪያ ሳምንት የምንማረው ይህንኑ ነው፤ ሆኖም በክኒን ጉዳይ ላይ ሎጂካችንን ከመድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ አስቀምጠን እንገባለን።

ማስረጃ አለ የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት የአይጦችን ሙከራ ነው። አይጦች በመድኃኒት ታይሮይዳቸው እንዲደክም ይደረጋል፤ ጉበታቸው ይጎዳል፤ ከዚያ ለአንዳንዶቹ ቪታሚን ዲ ይሰጣቸውና የነዚህ ጉበት ተሽሎ ይገኛል። ይህን መናቅ አይገባም፤ ምርምር ከዚህ ይጀምራል። ነገር ግን አይጥ ቡና አትጠጣም፣ ጾም አትጾምም፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ከበሽታ ጋር አትኖርም። ሰውን በሚመለከት ግን በዓለም ዙሪያ የሕክምና ሙከራዎችን እየሰበሰበ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ማኅበር፣ ቪታሚን ዲ ለቆየ የጉበት በሽታ ይጠቅም እንደሆነ በ2017 መርምሮ፣ በ2021ም ደግሞ መርምሮ፣ ሙከራዎቹ ትንንሽና ጉድለት የበዛባቸው ስለሆኑ ይጠቅማል ለማለት የሚያስደፍር ነገር የለም ብሏል። እነዚህ የጉበት በሽተኞች ናቸው። ታይሮይዱም ጉበቱም የታመመበት ሰው ዘንድ ስንደርስ ማስረጃው ይበልጥ ይሳሳል።

ለክኒኑ ጠበቆች ፍርድ እንዳላጓድል አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ 25,871 ሰዎች የተሳተፉበት አንድ ታላቅ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ግማሾቹ በየቀኑ 2,000 ዩኒት ቪታሚን ዲ፣ ግማሾቹ ደግሞ ምንም የሌለበት ክኒን ለአምስት ዓመት ያህል ዋጡ። በ2018 ውጤቱ ሲታወቅ ካንሰርንም የልብ በሽታንም አልቀነሰም። በ2022 ግን ከዚያው ሙከራ ሌላ ወሬ ተሰማ፤ ሰውነት የገዛ ራሱን የሚወጋባቸው በሽታዎች ቪታሚኑን በወሰዱት ዘንድ 22 በመቶ አንሰው ተገኙ። ጃፓናዊው ሐኪም ሐሺሞቶ በ1912 የገለጸው የታይሮይድ በሽታም ከዚህ ወገን ስለሆነ፣ ተስፋ ማድረግ ሞኝነት አይደለም። ሆኖም ተስፋ የሐኪም ትእዛዝ አይደለም። በ2024 ኢንዶክሪን ሶሳይቲ የተባለው የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው ከ50 በታች የሆኑ ጤነኛ አዋቂዎች ለዕለት ከሚያስፈልገው መጠን በላይ ቪታሚን ዲ እንዳይወስዱ መክሯል። ከኛ ግቢ ውስጥ ከ50 በላይ የሆነ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ።

«ባይጠቅምስ ምን ይጎዳል?» የሚለውን ጥያቄ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም፤ ለኔ የነገሩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነውና። አክስቴ ታይሮይዷ የደከመ ሰው ናት። ሐኪም ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን፣ የጎደለውን ሆርሞን የሚተካውን ክኒን አዞላት ለብዙ ጊዜ ደኅና ነበረች። ከዚያ አንድ መድኃኒት ቤት (ስሙ ይቆይ) ገብታ ስለ ድካሟ ስታወራ፣ «ለጉበትዎም ለአጥንትዎም ይሆናል» ተብሎ ካልሲየምና ቪታሚን ዲ የተቀላቀለበት ብልቃጥ ተሰጣት። ከጥቂት ወራት በኋላ ብርዱና ድካሙ ተመለሰ፤ የደም ምርመራውም ታይሮይዷ እንደገና መዳከሙን አሳየ። እረፍት ላይ ሄጄ፣ «እትዬ፣ መድኃኒቱን እንዴት ነው የምትወስጂው?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ልጄ፣ ጧት ቡና ሲፈላ ሁሉንም ባንድ ጉርሻ ነው የምጨርሰው» አለችኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ካልሲየም ሌቮታይሮክሲንን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል፤ ወደ ደም እንዳያልፍ ያደርገዋል። ብረት ያለበት ክኒንም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል አራት ሰዓት ሊኖር ይገባል ይላሉ ሐኪሞች። ቡናም የመድኃኒቱን መግቢያ ይቀንሳል፤ ክኒኑ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መወሰድ አለበት። አክስቴን ይህን የነገራት ሰው አልነበረም። ጉበቷን ለመጠበቅ ተብሎ የተሰጣት ብልቃጥ፣ ጉበቷን በእውነት የሚጠብቀውን መድኃኒት በር ላይ ይመልሰው ነበር ማለት ነው። አሁን ሰዓቱን ለይታ ትወስዳለች፤ ቡናውን በተመለከተ ግን ክርክራችን አላለቀም፤ «ቡና ሳልጠጣ ዓይኔ አይገለጥም» ትላለች።

ቪታሚን ዲ ብቻውን ቢሆንም አብዝቶ መዋጥ የዋህ ነገር አይደለም። እንደ አንዳንዶቹ ቪታሚኖች ትርፉ በሽንት አይወጣም፤ በስብ ውስጥ ይከማቻል። መጠኑ ሲያልፍ በደም ውስጥ ካልሲየም ይበዛና ማቅለሽለሽ፣ የልብ ምት መዛባት፣ የኩላሊት ጠጠር ያመጣል። ይህን የምለው ለማስፈራራት ሳይሆን «ባይጠቅም አይጎዳም» የሚለው ብሂል ሁልጊዜ እንደማይሠራ ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ አርእስቴ ልምጣ። አባቶቻችን «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲሉ እንቅርትን የመከራ ምሳሌ ያደረጉት ያለ ነገር አይደለም። እንቅርት በየመንደሩ የሚታይ ነገር ስለነበረ ነው፤ ዛሬም ይታያል። እንቅርት ማለት አዮዲን የተራበ የታይሮይድ ዕጢ ያለችውን ጥቂት ለመልቀም ብሎ ሲያብጥ ነው (ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ስለሚችል በሐኪም መታየት አለበት)። የደጋችን አፈር ለብዙ ሺህ ዓመታት በዝናብ ስለታጠበ አዮዲኑ ወደ ባሕር ሄዷል፤ በዚያ አፈር ላይ የሚበቅለው እህልም አዮዲን የለውም። እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን በጣም ካጣች የልጁ አእምሮ ሳይበስል ይቀራል፤ አንዳንዱም መስማትና መናገር ተስኖት ይወለዳል። ይህ በኋላ በምንም ክኒን አይመለስም።

መድኃኒቱ ግን በዓለም ከታወቁት መድኃኒቶች ሁሉ ርካሹ ነው፤ በጨው ውስጥ የሚጨመር ቁንጥር አዮዲን ነው። በዚህ ረገድ ያገራችን ታሪክ ትምህርት አለበት። ከ1998ቱ ጦርነት በፊት አዮዲን የገባበት ጨው ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ ነበር። ድንበሩ ሲዘጋ ገበያውን የአፋሩ የአፍዴራ ጨው ያዘው፤ እሱም አዮዲን አልነበረውም። ውጤቱ ብዙ አልዘገየም። በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱት ሴቶች ከመቶው 36 ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው አሳየ። አንድ ጦርነት ከሞቱትና ከቆሰሉት ሌላ የስንቱን ሕፃን አእምሮ እንደሚነካ የሚቆጥር ማን ነው? በ2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሰው ምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው ብሎ ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ15ቱ ነበር፤ በ2016ቱ ጥናት በ89ኙ ተገኘ። አምስት ዓመት ነው! አገራችን ስትፈልግ እንዲህም መሥራት ትችላለች።

ሆኖም «ተገኘ» ማለት «በቃ» ማለት አይደለም። በየቤቱ የሚደረገው ምርመራ አዮዲን አለ ወይስ የለም ይላል እንጂ መጠኑ ደርሷል አይልም። ጨው በገበያ ላይ ተገልጦ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት፣ በቤትም ክዳን በሌለው ዕቃ ሲቀመጥ፣ ወጡም ገና ሲጣድ ሲጨመር አዮዲኑ ይጠፋል። አሞሌም ከምድር ተቆርጦ እንዳለ የሚመጣ ስለሆነ አዮዲን አይጨመርበትም። ይህን የሚከታተል ማን ነው? ስለ ቪታሚን ዲ ብልቃጥ የምናወራውን ያህል ስለ ጨው ስናወራ ሰምቼ አላውቅም። ጨው የድኻ ነገር ነዋ፤ መስኮት ላይ አያምርም።

ቪታሚን ዲ በእውነት የሚያስፈልገው ሰው የለም ማለቴም አይደለም። አለ፤ ነገር ግን ክኒኑን ገዝቶ አይውጥም፤ ምክንያቱም ገና መራመድ አልጀመረም። ዶክቶር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል አድርገው በ1997 ያሳተሙትን ጥናት ያላነበበ ቢያነበው ደስ ይለኛል። በሳንባ ምች የታመሙ 500 ሕፃናትን ካልታመሙ 500 ጋር አስተያዩ። ሪኬትስ የሚባለው፣ ቪታሚን ዲ ወይም ካልሲየም ሲጎድል አጥንት የሚያለሰልሰው በሽታ፣ ከታመሙት መካከል በመቶ 42 ላይ፣ ካልታመሙት በመቶ 4 ላይ ተገኘ። ሌላው ምክንያት ሁሉ ተቀናንሶ እንኳ ሪኬትስ ያለበት ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ 13 እጥፍ ነበር። ያውም በፀሐይ አገር! ልጁን ከብርድ፣ ከምችና ከሰው ዓይን እንጠብቅ ብለን ጠቅልለን ጨለማ ክፍል ውስጥ ስለምናስተኛው ነው። ከትልልቆቹም ልጆች ዘንድ ነገሩ አለ፤ በ2015 የታተመ የአዳማና የአካባቢው ተማሪዎች ጥናት የቪታሚን ዲ እጥረት ከከተማ ልጆች በመቶ 62፣ ከገጠር ልጆች ግን በመቶ 21 ያህሉ ላይ መኖሩን አሳይቷል። ሠለጠንን ብለን ግድግዳ ውስጥ ስንገባ ፀሐይዋን ውጭ ትተናት ገባን።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ታይሮይዱ ለደከመ ሰው ጉበቱን የሚጠብቅለት ዋናው ነገር ሌቮታይሮክሲኑን በሥርዓቱና በሰዓቱ መውሰድ፣ ደሙንም ማስመርመር ነው። ተለክቶ ቪታሚን ዲ ያነሰው ሰው፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃንም፣ ሐኪም በሚለው መጠን ይውሰዱ። ከዚህ የተረፈው የብልቃጥ ንግድ ነው። ያንን ንግድ የምናሟሙቀው ደግሞ ባላገሩ አይደለም፤ እኛ የተማርነው ነን። አንድ የባሕር ማዶ ጽሑፍ አንብበን ለገዛ ድካማችን ክኒን እንገዛለን፤ ድካማችን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌሊቱን ሳንተኛ ማደራችን ነው።

ከትችት ሌላ ምን ይዘሽ መጣሽ እንዳልባል አንድ አሳብ ለማኅበራችን አቀርባለሁ። ጨው አዮዲን ያለው መሆኑን የሚያሳይ ቀላል መመርመሪያ አለ፤ ከስታርች የተሠራ ጠብታ ነው፤ አዮዲን ካለ ጨዉ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ከሕክምናና ከኬሚስትሪ ተማሪዎች ጋር ሆነን መጀመሪያ የገዛ ምግብ ቤታችንን ጨው እንመርምር፤ ከዚያ በግቢው ዙሪያ ያሉትን ሱቆች። ለክረምት እረፍት ወደየአገሩ የሚሄድ ተማሪም አንድ አንድ ብልቃጥ ጠብታ ይዞ የእናቱን ቤትና የመንደሩን ገበያ ጨው መርምሮ ይመለስ፤ ያገኘውን በመስከረም እትም እናትመዋለን። ለዚህ ሥራ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ እስከሚመጣው ዓርብ ድረስ ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጥ። የእኔ ከዝርዝሩ አናት ላይ አለ፤ ከሥሩ ግን እስካሁን ባዶ ነው።